ደርዳሪዎቻችንን ማን ይቅረጽ?

የሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ባንዶች፣ ድምፃውያንና ትልልቅ መድረኮች ቦታ ያገኛሉ። ብቻውን ቁጭ ብሎ በጣቱ የሚደረድር ሰው ግን በቀላሉ ይረሳል። የመጽሔቱ አዘጋጆች «ጻፊልን» ሲሉኝ፣ ስለ ሕክምናማ ዓመቱን ሙሉ እናወራለን ብዬ ይህን መረጥኩ።

እ.ኤ.አ. በ1928 ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ገበሬ ኦኬ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ ዘፈኖቹን በጊታር ቀረጸ። አውራ ጣቱ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ ምቱን ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ጣቶቹ በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ይለቅማሉ። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማው ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። ሸክላው ብዙም አልተሸጠም፤ የኢኮኖሚው ድቀትም ተከተለና ኸርት ወደ እርሻው ተመለሰ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ ቶም ሆስኪንስ የተባለ የብሉዝ አፍቃሪ ፈልጎ አገኘው። መንገዱን ያሳየው ዘፈኑ ራሱ ነው፤ ኸርት የመንደሩን የአቫሎንን ስም በዘፈኑ ጠርቶ ነበርና። በዚያው ዓመት በኒውፖርት የፎልክ ፌስቲቫል ተጫወተ፤ በ1966 አረፈ። ያ ሸክላ ባይኖር ማንም አይፈልገውም ነበር።

ብሉዝን ብዙ ምእመናን «የሰይጣን ሙዚቃ» ይሉት ነበር። እኛም አገር በገናን ለዳዊት፣ ክራርን ለሰይጣን የሚሰጥ አፈ ታሪክ አለ። ይሁንና በክራር 5 ወይም 6 ክር ስንቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተደረደረ! ክራርን እየገረፉ የሚጫወቱ አሉ፤ እንደ ኸርት በየጣታቸው እየነጠሉ የሚደረድሩም አሉ። አስናቀች ወርቁን አስቡ። በአገራችን መድረክ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ናት፤ ክራሯንም ይዛ ዘፍናለች። የቀረጸችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጽ ወጥቶ በሌላው ዓለም አዲስ አድማጭ አገኘ። እሷ በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች፤ ድምጿ ግን አለ።

ወደ ወላይታ ልመለስ። ኸርት በቀረጸበት በዚያው በ1928 የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ሶዶ ደረሱ። ከእምነቱ ጋር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መጣ፤ ብዙ ቤተሰብም ዘፈንን ትቶ መዝሙርን ያዘ። የጊፋታ ጭፈራ የብዙ ሰው ስለሆነ ካንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይሻገራል። የብቸኛ ደርዳሪ ዜማ ግን በአንድ ሰው እጅ ላይ ያለ ነገር ነው።

እጅ ስል በምሳሌ አይደለም። አንድ ጊዜ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የመጡ አዛውንት አውራ ጣታቸው፣ ጠቋሚና መሐል ጣታቸው ደንዝዞ ተመላላሽ ክፍል ቀረቡ። የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጨቆን የሚመጣ የታወቀ ሕመም ነው። ሥራቸውን ስጠይቅ «እርሻ» አሉኝ። ጣታቸውን ስመረምር ግን «ክራሩ እምቢ አለኝ፣ ዶክተር» አሉ። ከማረሱ ይልቅ ያስጨነቃቸው እሱ ነበር።

«ልጆችዎ ይጫወታሉ፣ አባባ?»

«ኧረ ልጄ፣ እነሱ ስልክ አላቸው» ብለው ሳቁ።

ነርቩን ማስለቀቅ ይቻላል። በቀዶ ሕክምና የተሻላቸው ብዙ ናቸው። አንድ ደርዳሪ ሲሞት አብሮት የሚሄደውን ዜማ ግን የሚመልስ ቀዶ ሕክምና የለም።

ስለዚህ ያንኑ ስልክ እንጠቀምበት እላለሁ። ሶዶ፣ አረካ፣ ቦዲቲ፣ ገሱባ ያላችሁ የግቢ ልጆች፣ በሠፈራችሁ የሚደረድር ሽማግሌ ወይም ባልቴት ካሉ በቅድሚያ አስፈቅዱ፤ ከዚያ ቅረጹ። ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ ዜማው መቼ እንደሚጫወት፣ ክሮቹ እንዴት እንደሚቃኙ ጻፉ። ከቀረጻው የሚገኝ ጥቅም ካለ ባለቤቶቹ እነሱ መሆናቸውም አብሮ ይጻፍ። መምህራን ደግሞ አንድ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጥበትን መንገድ ቢያመቻቹልን፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አያጡም።

ኸርት የተገኘው የመንደሩን ስም ስለጠራ ነው። የእኛ ሰዎች በዜማቸው ባይጠሩት እንኳ እኛ እንጻፍላቸው። ለሚቀጥለው መገናኛችን እያንዳንዳችን አንድ ቅጂ ይዘን እንምጣ።