ጠባሳችንን የሚያውቅ ሐኪም

እናቷን ከአገር ቤት ያስመጣች ልጅ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ስልክ ትደውልና በአማርኛ ቀጠሮ ታስይዛለች። የእናትየው የአንገት ንቅሳት በሌዘር እንዲጠፋ፣ የእሷም የጆሮ ኬሎይድ እንዲታከም በአንድ ቀን ይታያሉ። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ «እንደምን አደሩ እማማ» ብላ ትቀበላቸዋለች፤ ሐኪሙም የቆዳቸውን ጠባይ ያውቃል። አዲስ መጪዎች ይህ ሁሉ ከዋሽንግተን ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ይህ ያልነበረበትን ጊዜ ኖሬበታለሁ፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ወረቀት ላይ የሰፈረው ታሪክ አጭር ነው። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን በማከም ተስፋፋ፤ አሜሪካ ውስጥ የሙያው ማረጋገጫ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1937 ተቋቋመ። ሐኪሞች ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ የሚመድቡበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ በ1975 ሲወጣ የታሰበው ለነጭ ቆዳ ነበር፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ የተጨመሩት በኋላ ነው። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ወጥቶ እኛ በሱዳን በኩል ስንገባ የጠበቀን ሕክምና ይኸው ነበር፤ እኛን ሳይቆጥር የተጻፈ።

ያን ጊዜ የሐበሻ ኑሮ ዋሽንግተን ውስጥ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድ ላይ ነበር። አንዷን ክፍል ተጠጋግተን እንከራያለን፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ከሥራ ቀርቶ ያስታምመዋል። እንዲህ ያለ መተሳሰብ ዛሬ የለም። አብራኝ የምትኖር ልጅ ጆሮዋን ተበስታ ኬሎይድ ወጣባት። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ቆርጠው ጣሉላትና ሸኙን። በዓመቱ ከበፊቱ ገዝፎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሻሽ ሳትሸፍነው ከቤት አትወጣም ነበር። ኬሎይድ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ቆርጦ መተው ብቻውን ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ ከቀዶው በኋላ የስቴሮይድ መርፌ፣ ጆሮን የሚጫን ልዩ ጉትቻ፣ አንዳንዴም ጨረር ያስፈልጋል። ይህን የነገረን አንድም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የሰማን ሐኪም ያገኘነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1862 ከባርነት ነጻ ለወጡ ሰዎች የተቋቋመው የፍሪድመንስ ሆስፒታል ወራሽ ነውና፣ የጥቁር ሰው ጠባሳ እዚያ እንግዳ አልነበረም። በሩን የከፈቱልን ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። የእኛ ሰው ይህን ሲረሳ ያመኛል።

የእኛው ሐኪም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙገሳ ስለማይወድ ስሙን አልጠራም። ጎንደር ሕክምና ተምሮ እዚህ ሲደርስ ዲግሪው አላሠራ ስላለው፣ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ለፈተና አጠና። ቀጥሎ አምስት ዓመት አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና፣ በላዩ ላይ ደግሞ ፕላስቲክ ተማረ። እጁን ያፍታታው በእሳት የተቃጠሉ ሰዎችን ሲያክም ነው፤ ቁንጅናን ከጤና ለይቶ የማያየውም ከዚያ የተነሣ ነው እላለሁ።

አስተርጓሚ ሆኜ ከጎኑ ለብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። በሽተኛው ስለ አፍንጫው ወይም ስለ ሆዱ ከመናገሩ በፊት፣ «እናቴ፣ ክንድዎ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ እስቲ ያሳዩኝ» ይላል። እጅጌ ይጠቀለላል። ጠባሳው ለጥ ያለ ከሆነ ይቀጥላል፤ አብጦና አብረቅርቆ ካገኘው በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ይዳብሰዋል፤ ቆዳው ኬሎይድ ሊያወጣ እንደሚችል ነግሮታልና። በልጅነት ለዓይን ሕመም ቅንድብ ላይ የተበጣውን ምልክትም፣ የጆሮ ብሱንም ሳያይ አያልፍም። ንቅሳት ለማስጠፋት ለመጣ ደግሞ አንዲት ነጥብ ብቻ በሌዘር ነክቶ ሳምንታት ያስጠብቃል፤ ለጥቁር ቆዳ ይሻላል የሚባለው ባለ 1064 ናኖሜትር ሌዘር እንኳ ከተቻኮሉበት ቆዳውን ሊያነጣው ይችላል። አንድ ጊዜ ልጆቻቸው ግፊት ያደረጉባቸው እናት ለንቅሳታቸው መጡ። ልጆቹን ከክፍሉ አስወጥቶ «እርስዎስ ይፈልጋሉ?» አላቸው። አልፈለጉም። እንዳማረባቸው ወደ ቤታቸው ሸኛቸው፤ ሳንቲምም አልተቀበላቸውም።

ጠባሳችንን አውቆ በቋንቋችን ማከምን ማን ጀመረው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላባራም። የቨርጂኒያ ሰዎች አሌክሳንድሪያ የነበረች ነርስ ናት ይላሉ፤ ሌሎች ለሐኪሙ ብቻ ይሰጡታል። እኔ የምመሰክረው ለ18ኛው መንገድ ጸጉር ሠሪ ነው። ጸጉር ስታጥብ ከጆሮ ጀርባ የተደበቀውን የምታየው እሷ ነበረች። ሰው ሳይሰማ አድራሻ ጽፋ የምትሰጠው፣ ገንዘብ ላጠራት ተራዋን ለቅቃ ዕቁብ የምታስቀድመው እሷ ነበረች። አማርኛን ያካተተው የከተማው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪወጣ ድረስ እኛም ያስተረጎምነው በነጻ፣ ከእንቅልፋችን ቆርሰን ነው። የሐኪማችን ክሊኒክ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ግን መድረክ ላይ የተጠሩት ማሽን የገዙትና ሕንፃ ያደሱት ናቸው። እሷን ያነሣት የለም።

አሁን ማስታወቂያው በዝቷል። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሐኪም የቁንጅና ቀዶ ሕክምና ልሥራ ቢል የሚከለክለው ነገር ጥቂት ነው፤ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ቦርድ ማረጋገጫ ግን በረጅም ሥልጠናና በፈተና ብቻ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ የመጣችሁ ልጆች፣ በአማርኛ ስላናገራችሁ ብቻ ፊታችሁን ለማንም አትስጡ። ማረጋገጫውን ጠይቁ። የቆየ ጠባሳችሁን ሳያይ ለመቅደድ የሚጣደፍ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። እንዲህ ደፍራችሁ እንድትጠይቁ መንገዱን የጠረጉላችሁ ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሴቶች ናቸው፤ የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የለጋሾች ስም ሲጻፍ የእነሱም ከላይ ሊጻፍ ይገባል።