የቦሎው ገንዘብ የት ይገባል?

መኪና ያለው ወዳጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ቦሎ የሚታደስበት ወር ሲመጣ ፊቱ ይጠቁራል። ይከፍላል፣ ይነጫነጫል፣ ወረቀቷን መስታወቱ ላይ ይለጥፍና ይረሳዋል። ገንዘቡ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ዛሬ ይህችን ጥያቄ ይዘን ካሊፎርኒያ እንሂድ። ለምን ካሊፎርኒያ? እዚያ የመኪና ክፍያ ጣጣ አንድ አገረ ገዥ ከወንበሩ እንዲወርድ ሰበብ ሆኗል፤ ገና ልትመሠረት ጥቂት ቀናት የቀሯትን ከተማም ኪሷን አራግፏል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1935 ነው። ከዚያ በፊት መኪና እንደ ሌላው ንብረት በየአካባቢው እየተገመተ ግብር ይከፈልበት ነበር። ቤት ገማቹን ቆሞ ይጠብቃል፤ መኪና ግን ጎማ አለው። ስለዚህ ግዛቱ ክፍያውን በአንድ ተመን ራሱ እየሰበሰበ ለከተሞችና ለካውንቲዎች ማከፋፈል ጀመረ። ተመኑ ከመኪናው ዋጋ 1.75 በመቶ ነበር፤ በ1948 ወደ 2 በመቶ ከፍ አለ። ክፍፍሉ በዋናነት በሕዝብ ብዛት ነበር። ከተማው ድርሻውን ለፖሊስም ይሁን ለእሳት አደጋ ወይም ለቤተ መጻሕፍት ማዋል ይችላል። በ1986 ደግሞ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ገንዘቡ የከተሞችና የካውንቲዎች መሆኑን ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገባው። አከፋፈሉ ግን ለተራ ሕግ ተተወ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

የጭነት መኪናውስ? ለንግድ የተመዘገበ መኪና (እዚያ ፒክአፕ እንኳ በንግድ ነው የሚመዘገበው) ሁለት ክፍያ አለበት። አንደኛው በዋጋው የሚሰላው፣ እስካሁን ያወራነው ነው። ሁለተኛው በክብደቱ የሚሰላው ሲሆን እሱ የአካባቢ መስተዳድሮች ሳይሆን የግዛቱ የአውራ ጎዳና ገንዘብ ነው። ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ከ10,000 ፓውንድ (ወደ 4.5 ቶን) በላይ የሆኑት ከባድ መኪኖች በባዶ ክብደታቸው ሳይሆን ከነጭነታቸው እየተሰላ ይከፍላሉ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የክብደቱ ገንዘብ በአብዛኛው ግዛቱ ለትራንስፖርት የተበደረውን ዕዳ ይከፍላል። እንግዲህ አስቡት። አስፋልቱን የሚያርሰው ክብደቱ ነው፤ የክብደቱ ገንዘብ ግን መንገዱ ለታረሰበት ሰፈር አይደርስም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1998 የግዛቱ ካዝና ሞልቶ ነበርና ፖለቲከኞቹ የመኪናውን ክፍያ ቀነሱ። ከተሞች የሚያጡትን ግዛቱ ከራሱ ካዝና ሊሞላላቸው ቃል ገባ። ቅናሹ እያደገ ሄዶ በ2001 ባለመኪናው ከዋጋው 0.65 በመቶ ብቻ የሚከፍል ሆነ። ሁሉም ደስ አለው። ከተሞቹ ግን ሳያስተውሉት አንድ ነገር ተቀይሮባቸዋል። ትናንት የራሳቸው የነበረው ገቢ ዛሬ ከሌላ ሰው ኪስ የሚጠበቅ ሆኗል።

ከዚያ ካዝናው ጎደለ። በ2003 ሰኔ ላይ የአገረ ገዥ ግሬይ ዴቪስ አስተዳደር ክፍያውን ወደ 2 በመቶ መለሰው። የባለመኪናው ሒሳብ ሦስት እጥፍ ሆነ፤ አገር ተቆጣ። ዴቪስን ለማውረድ በተጠራው ምርጫ የተወዳደረው የፊልሙ ጀግና አርኖልድ ሽዋዚንገር፣ ቤት ማፍረሻ የብረት ኳስ በአንዲት አሮጌ መኪና ላይ አስጥሎ በሕዝብ ፊት ጨፈለቃት። የመኪናውን ግብር እንዲህ አደርገዋለሁ ማለቱ ነው። ጥቅምት 7 ዴቪስ ወረደ። ኅዳር 17 ሽዋዚንገር ቃለ መሐላ በፈጸመበት ዕለት ጭማሪውን ሰረዘው። በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በአንድ ፊርማ ሄደ። በመካከል ላይ ለጥቂት ወራት መሙያው ስለተቋረጠ ግዛቱ ለከተሞችና ለካውንቲዎች ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ባለዕዳ ሆኖ ነበር፤ በኋላ ከፍሏል።

በ2004 ስምምነት ተደረሰ። 0.65 በመቶው ቋሚ ሆነ፤ ከተሞችና ካውንቲዎች በቀረባቸው ምትክ ከንብረት ግብር ተጨማሪ ድርሻ ተሰጣቸው። መልካም ነው። ግን ድርሻው የተሰላው በጊዜው ለነበሩት ነው። ከዚያ በኋላ የሚወለደው ከተማስ?

ለእነሱ በ2006 ከቀረችው የመኪና ክፍያ ልዩ ድርሻ እንዲያገኙ ሕግ ወጣ። ይህን ተማምነው በሪቨርሳይድ ካውንቲ አራት ከተሞች ተመሠረቱ። ዋይልዶማርና ሜኒፊ በ2008፣ ኢስትቬል በ2010፣ ጁሩፓ ቫሊ ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 2011። ጁሩፓ ቫሊ የመጋዘን አገር ናት፤ ካሚዮን ሲርመሰመስባት የሚውል። ልደቷ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሰኔ 2011 ላይ፣ የግዛቱ ምክር ቤት የበጀት ጉድለት ለመድፈን ሲል ከተሞች ከመኪና ክፍያ ያገኙት የነበረውን ድርሻ ለአካባቢ የፖሊስና የጸጥታ ሥራዎች አዞረው። ያቺ የያዛችኋት ነገር እዚህ ላይ መጣች። ገንዘቡ የማን እንደሆነ በሕገ መንግሥት ተጽፏል፤ ለየትኛው ከተማ ስንት እንደሚደርስ ግን አልተጻፈም።

ነዋሪዎቹ ክፍያቸውን እንደ ወትሮው ከፈሉ። ካሚዮኖቹም እንደ ወትሮው አለፉ። የቀረው የከተማዋ ድርሻ ብቻ ነበር። ለማስተካከል የቀረቡ ሕጎች ተደጋግመው ውድቅ ሆኑ፤ ጁሩፓ ቫሊ ከተማነቷን እስከ መተው ድረስ አስባ ነበር። መፍትሔ የተገኘው በ2017 ነው፤ አራቱም እንደሌሎቹ ከንብረት ግብሩ ድርሻ አገኙ። ስድስት ዓመት ሙሉ መሆኑ ነው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። ሁሉም ስለ ክፍያው መጠን ሲጮህ ከረመ፤ ለመጠኑ ሲባል መኪና ተጨፈለቀ፣ አገረ ገዥ ወረደ። ስለ አከፋፈሉ የጮኸ ግን ብዙ አልነበረም። ክፍፍሉ ሲጻፍ ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ ደግሞ ዳቦው ሲቆረስ አይታወስም።

እና ያ ወዳጃችሁ ቦሎ ሲያድስ «ስንት አስከፈሉህ?» ብቻ አትበሉት። «ለማን ደረሰ?» በሉት።

ቸር እንሰንብት!