ክረምት የሌለበት ማኅደር፦ አዲስ ዓለም፣ የበርጋ ሜዳና የፎቶግራፍ ታሪካችን



ፎቶግራፍን በታሪክ ምንጭነት ስንመረምር ማን አነሣው፣ መቼ ተነሣ፣ ለምንስ ተነሣ ብለን እንጠይቃለን። «መቼ» ስንል ግን ዓመቱን እንጂ ወሩን እምብዛም አንጠይቅም። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ለገጠሩና ለወንዙ ታሪክ ወሩ ከዓመቱ የማያንስ ማስረጃ መሆኑን ማሳየት ነው።

በሀገራችን መልክዓ ምድር ላይ ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የብሪታንያ ጦር መሐንዲሶች ያነሷቸው ይገኙበታል። ጦሩ ክረምቱ ሳይገባ ለመውጣት ይቸኩል ስለነበር፣ ሥዕሎቹ የሚያሳዩን ደረቅ ኮረብታ ነው። ከዚያም በኋላ ተጓዡ ወንዝ ሲሞላ ያርፍ፣ ከመስቀል በኋላ ይነሣ ነበር፤ የፎቶግራፍ መሣሪያውም አብሮት። በመስከረም የወጣ ቢኖር እንኳ የዘመኑ የመስታወት ሰሌዳ ቢጫ ቀለምን በቅጡ አይቀበልምና፣ አደይ አበባ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የወረስነው ማኅደር በአመዛኙ የበጋ ማኅደር ነው።

ይህ ማኅደር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የ1868ቱን ሥፍራዎች ከ140 ዓመት በኋላ ዳግም አንሥተው፣ የሰሜኑ ምድር ያን ጊዜም የተራቆተ እንደነበረ፣ የዛሬው የዕፅዋት ሽፋን ከያኔው የተሻለ መሆኑንም አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ንጽጽር የሚጸናው ግን በጋ ከበጋ ጋር ሲነጻጸር ነው። የነሐሴን ልምላሜ ከየካቲት ድርቀት ጋር ያነጻጸረ፣ የወቅትን ለውጥ የዘመን ለውጥ አድርጎ ይጽፋል።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም የእንጨት እጦት የወለዳት ከተማ ናት። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ተጨፍጭፎ ሲያልቅ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በኤጀሬ ምድር አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ሲታደጋት ዕቅዱ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሥፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ለምለም በመሆኑ፣ ዛፉን ብቻ የያዘ ፎቶግራፍ ወሩን አይነግረንም። ወሩን የሚነግረን ወንዙ ነው።

የአዋሽ ገባር የሆነው በርጋ በሐምሌና በነሐሴ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ ይታጨዳል፤ በየካቲት ወንዙ ይቀጥናል፣ ሜዳውም የከብት መዋያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም እጅግ ከመነመኑት አዕዋፍ አንዷ የሆነች፣ ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ የረግረግ ወፍ በዚሁ ሜዳ እንደምትራባ ታወቀ። የምትራባው ሜዳው ውኃ በሚቋጥርበት በክረምት ነው። የየካቲትን ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ሜዳውን ባዶ መሬት ሊለው ይችላል። ባዶ ለተባለ መሬት ደግሞ ሌላ አገልግሎት ለማሰብ ጊዜ አይፈጅም።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን ለአራት ይከፍሉታል፦ ከመስከረም 26 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 ክረምት። የኦሮሞ ገበሬም ዓመቱን በራሱ ቋንቋ ለአራት ወቅት ይከፍለዋል። እንግዲህ ተማሪዎቼን የማሳስበው ይህንኑ ነው፦ ከአንድ ሥፍራ ቆማችሁ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞራችሁ፣ በዓመት አራት ጊዜ አንሡ፤ ቀኑን፣ ሥፍራውንና አቅጣጫውን ጻፉበት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ በርጋ የሚከራከሩ ሰዎች ከእኛ ያላገኙትን ክረምት ከእናንተ ያገኙታል።