ለማን ልክ የተሰፋ ወንበር?

እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካ አየር ኃይል ግራ ተጋብቶ ነበር። ጄት መጥቷል፣ ፍጥነት ጨምሯል፣ አብራሪዎች ግን አውሮፕላን መቆጣጠር እያቃታቸው ነው። መጀመሪያ ጥፋቱ የአብራሪው ነው ተባለ። ሞተሩም ተፈተሸ፣ ችግር አልተገኘበትም። በመጨረሻ ዓይን ያረፈው ወንበሩ ላይ ነው። የአብራሪው ክፍል የተቀደደው በ1926 በተወሰደ አማካይ ልክ ነበርና፣ «ወንዶቹ ከዚያ ወዲህ ረዝመው ይሆናል» የሚል ግምት መጣ።

ስለዚህ ኦሃዮ በሚገኘው የራይት ጦር ሰፈር ከ4,000 በላይ አብራሪዎች እንደገና ተለኩ። የአውራ ጣት ርዝመት፣ ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ሳይቀር 140 ዓይነት ልኬት ተወሰደ። ከለኪዎቹ አንዱ ጊልበርት ዳንኤልስ የሚባል የ23 ዓመት መቶ አለቃ ነበር። አለቆቹ አዲስ አማካይ ሲጠብቁ እሱ ሌላ ጥያቄ አነሳ፦ ለመሆኑ አማካይ የሆነ አብራሪ ስንት ነው?

ለወንበር ይበልጥ የሚያስፈልጉ 10 ልኬቶችን መረጠ። አማካዩንም ጠበብ አላደረገውም፤ በየልኬቱ መሀል ላይ የሚውሉትን 30 በመቶ ሰዎች ሁሉ «አማካይ» ብሎ ቆጠረ። ከ4,063 አብራሪዎች በአስሩም መሀል ላይ የዋለ አንድም አልተገኘም። ዜሮ! ክንዱ የረዘመው እግሩ ያጥራል፤ ደረቱ የሰፋው ዳሌው ይጠባል። ሦስት ልኬት ብቻ ሲወሰድ እንኳ የተገኙት ከ3.5 በመቶ በታች ናቸው።

አየር ኃይሉ ከዚህ በኋላ ለአምራቾች ያስተላለፈው ትእዛዝ ቁርጥ ያለ ነበር። መቶ አብራሪ በልኩ ቢሰለፍ፣ ከትንንሾቹ አምስት እና ከትልልቆቹ አምስት በቀር ለሁሉም የሚሆን ክፍል ሥሩ ተባሉ። ውድ ነው ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ሠሩት። የሚስተካከል ወንበርና ፔዳል የተስፋፋው በዚህ ግፊት ነው።

ይኸው ስሌት በመኪና ፋብሪካዎችም የተለመደ ሆነ። ከትንሿ ሴት ጀምሮ ከመቶ ወንድ እስከ 95ኛው ድረስ ይታሰባል፤ የወንበሩ ሐዲድ እዚያ ያልቃል። የቀሩት አምስቱ በስህተት የተረሱ አይደሉም፣ አውቀው የተተዉ ናቸው። የግጭት መሞከሪያው አሻንጉሊትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጄኔራል ሞተርስ በ1976 ያወጣው ታዋቂው ወንድ አሻንጉሊት ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ገንዘብ ካለ መፍትሔ አይጠፋም። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ዳን ገርኒ ከ1 ሜትር ከ90 በላይ ነበር፤ በ1967 በሌ ማን ውድድር የነዳው ፎርድ ደግሞ ከመሬት እስከ ጣሪያ ወደ 1 ሜትር ገደማ። ጣሪያው በራስ ቁሩ ልክ ጎበጥ ተደርጎ ተሠራለት፤ ከኤ.ጄ. ፎይት ጋርም አሸነፈ። (ሻምፓኝ በተመልካች ላይ መርጨት የተለመደው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይባላል።)

ተራው ረጅም ሾፌር ያለው ምርጫ ግን ጋራዥ ነው። ጉልበቱ መሪውን እየነካ፣ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን ማንሳት የሚቸገር ሰው ለራሱም ለመንገደኛም አደጋ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩን ወደ ኋላ ማስገፋቱ ቅንጦት አይባልም። አደገኛው አሠራሩ ነው። በልኩ የተሠራ ወፍራም ብረት ከፋብሪካው ቀዳዳ ጋር በጠንካራ ቡሎን ሲታሰር አንድ ነገር ነው። ሐዲዱን ቆርጦ በብየዳ መቀጠል ግን ሌላ ነው፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይለውጣል። የአሜሪካ ሕግ የወንበር ማሰሪያ የወንበሩን ክብደት 20 እጥፍ እንዲችል ያስገድዳል፤ የብየዳ ባለሙያ ይህን የሚሞክርበት መሣሪያ የለውም። የቀበቶው የላይኛው ማሰሪያም ምሰሶው ላይ እንዳለ ስለሚቀር፣ ወንበሩ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ቀበቶው ከትከሻ እየራቀ ይመጣል።

ከኋላ የሚቀመጠውም አለ። ለሾፌሩ እግር የተገኘችው ቦታ ከእሱ ጉልበት ላይ የተቀነሰች ናት፤ መኪናው ታክሲ ከሆነ ደግሞ ያ ሰው ሒሳብ ከፋይ ነው።