የቀዩ መደብ ዜና

ቢስሚላህ። የነገሥታቱን ዜና ጸሐፊዎቻቸው ጽፈውታል፤ የሴት አያቴን ግን ከልጅ ልጆቻቸው በቀር የሚጽፍ ስለሌለ እነሆ እኔ ጻፍሁ።

ከመወለዳቸው አስቀድሞ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ ተዋጉ። አሚሩ ተሸነፉ፤ ሐረርም ተያዘች። የአያቴ አያት ከዚያ ሜዳ አልተመለሱም። የሐረሪ ሴቶች የቤታቸውን መደብ በቀይ አፈር የሚቀቡት ለጨለንቆ ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። አያቴ «ይባላል» ማለትን አይወዱም ነበር፤ «ነው» ይሉ ነበር።

እርሳቸው በ1918 ዓ.ም. ተወለዱ። በአሥር ዓመታቸው፣ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ አነደዷት፤ እናታቸውም በገላቸው ሸፍነው አዳኗቸው። ሚያዝያ 30 ጠላት ገባ፤ በመጋቢት 1933 ወጣ።

በ1940 ዓ.ም. ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፣ ንብረታቸውም ተወረሰ። ባለቤታቸው ከታሰሩት አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ አያቴ አለላ ነክረው፣ ስፌት ሰፍተው እየሸጡ አራት ልጆች አሳደጉ። በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከከተማው ግንብ ከጁገል ውጭ የነበራቸው እርሻ ሄደ፤ ከልጆቻቸውም ሁለቱ በየተራ ቶሮንቶ ገቡ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር ደጃፍ ሲደርስ ጎረቤቱ ሸሸ፤ እርሳቸው ከጁገል አልወጡም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ረመዳን ሲቀርብ መደቡ ሳይቀባ የቀረበት ዓመት የለም። አፈሩን በወንፊት ነፍተው፣ በውሃ በጥብጠው፣ የቤቱ አውራ መቀመጫ ከሆነው መደብ፣ ከአሚር ነደባ፣ ጀምረው በመዳፋቸው ያለሰልሱታል። ወገባቸው ሲዝል የቡና ቅጠል መጠጥ የሆነውን ቁጢ ጠጥተው ይመለሱበታል። ጥፍራቸው ቀልቶ ይሰነብታል፤ ልጅ ሳለሁ እጃቸውን ይዤ ስሄድ የእኔም እጅ ይቀላ ነበር። ያን ቀለም መታጠብ አልወድም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ረመዳንን ጾሙ፤ የሸዋልንም ስድስት ቀን፣ ብንለምናቸው እምቢ ብለው፣ ጾሙ። ይህን ጾም የሚዘጋው የሸዋሊድ በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን በ97 ዓመታቸው አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። የመረዳጃ ማኅበራቸው፣ የአፎቻቸው፣ ሴቶች ቤቱን ሞሉት፤ መሬት ላይ እንጂ አሚር ነደባ ላይ የተቀመጠች አልነበረችም።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሸዋሊድ በዩኔስኮ ተመዘገበ። ቀጥሎ በመጣው ረመዳን ዋዜማ ታናሽ እኅቴ አፈሩን በጠበጠች፤ ውሃው ስለበዛባት መደቡ ሁለት ጊዜ ተቀባ።