ከ65 ዓመት በኋላ ያልረሳ ደም

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ነገሩ የሆነው በሰሜን አትላንቲክ፣ በስኮትላንድና በአይስላንድ መካከል በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1846። 7,800 ያህል ሰው በግ እያረባ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ ከመንደር መንደር በጀልባ እየተሻገረ ይኖራል። ኩፍኝ ከ1781 ወዲህ ደጁን ረግጦ አያውቅም።

በማርች ማብቂያ ከኮፐንሃገን አንድ አናጢ በመርከብ መጣ። ብዙም ሳይቆይ አተኮሰው፤ ሰውነቱ ሽፍ አለ። ከዚያማ ማን ያቁመው! በጥቂት ወራት ውስጥ 6,000 ያህል ሰው ተኛ።

የዴንማርክ መንግሥት ፒተር ፓኑም የሚባል የ25 ዓመት ሐኪም ላከ። ልጁ መድኃኒት አልነበረውም፤ የነበረው ጥያቄ ነው። መቼ ታመምክ? ከማን ጋር ዋልክ? ከትዮርኑቪክ መንደር 10 ሰዎች በአንድ ጀልባ ሄደው ጁን 4 ቀን ቬስትማና ላይ ዓሣ ነባሪ ሲያድኑ ውለዋል። ጁን 18 ቀን አሥሩም ላይ ሽፍታ ወጣ። አንድም አልቀረ! በ14ኛው ቀን።

የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። በ1781 በልጅነታቸው ኩፍኝ የያዛቸው አዛውንቶች በየቤቱ ነበሩ። ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን እያስታመሙ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየተነፈሱ፣ አንዳቸውም አልታመሙም። ያኔ ያመለጣቸው እኩዮቻቸው ግን በዚያ እርጅና ተያዙ። እንግዲያው ያዳናቸው ዕድሜ አይደለም።

ፓኑም ያየውን ጻፈ፤ ምክንያቱን ግን የዘመኑ ሳይንስ ሊነግረው አልቻለም። እኛ ዛሬ እናውቀዋለን። የኩፍኝ ቫይረስ በትንፋሽ ይገባል። ደማችን ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓይነት ነጭ ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። በንፍፊቶቻችን ውስጥ ከቫይረሱ ጋር የሚገጥመው ሴል እስኪገኝና እስኪራባ ድረስ ቀናት ያልፋሉ። በሽታው የሚበረታው በዚሁ ክፍተት ነው። የሚያስፈራን ሽፍታ ራሱ የተከላካዮቹ ሥራ ነው፦ ቲ የሚባሉት ሴሎች ቆዳ ውስጥ የገባውን ቫይረስ ሲያጠቁ ይወጣል። የመከላከል አቅሙ ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሽፍታው ሳይወጣበት ሊሞት ይችላል።

ጦርነቱ ሲያልቅ አብዛኞቹ ሴሎች ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ገበሬ ከምርቱ ለዘር እንደሚያስቀረው እህል ይቀራሉ። ከነሱም መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ቫይረሱን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ለአሥርተ ዓመታት የሚያመርቱ አሉ። ቫይረሱ ሲመለስ ቀናት የሚፈጀው ፍለጋ አያስፈልግም። የፋሮ ሽማግሌዎች ደም 65 ዓመት ያልረሳው በዚህ ነው።

ታዲያ ልጁ ታሞ ይለፍለት የሚል ካለ ይህን ይስማ፤ ነገሩ ያንገበግበኛልና። ኩፍኝ የሚያጠቃው ከሌሎች በሽታዎች የቀሩትን እንዲህ ያሉ ትውስታ ያዥ ሴሎችን ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ያልተከተቡ ልጆችን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መረመረ። ልጆቹ በሌሎች በሽታዎች ላይ ካከማቹት ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ ተገኘ። ከኩፍኝ የተረፈ ሕፃን ቀድሞ ለሚያውቃቸው በሽታዎች እንደገና ይጋለጣል ማለት ነው። ክትባቱ ግን የተዳከመ ቫይረስ አሳይቶ ትውስታውን ይሰጣል፤ የነበረውን አይነጥቅም።

በአገራችን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። የመጀመሪያውን ያስከተባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ሁለተኛውን አትተዉት። ካርዱን አውጡና ቀኑን እዩ፤ ካለፈም ነገ ጠዋት ልጁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።