ሰፊ ማዕዘን ሌንስና የጅማ አሮጌ ቤቶች

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው በቆርቆሮ የተከደኑ ባለ በረንዳ አሮጌ የነጋዴ ቤቶች እየፈረሱ በብሎኬት ይተካሉ። ቤቱ ሲፈርስ አብሮ የሚጠፋው ይበልጡን የውስጡ ነገር ነው። የፊት ገጽታውን መንገደኛም ቢሆን ያነሣዋል፤ የጣሪያው ማገር፣ የደረጃው አሠራር፣ የምሰሶውና የአግዳሚው መጋጠሚያ ግን የሚታዩት ከውስጥ ነው። ለባለሙያ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ የሚሆን፣ ዋጋውም በደመወዝ ለሚተዳደር መሐንዲስ የማይከብድ ሌንስ የቱ እንደ ሆነ ከታሪኩ ጋር አያይዞ ያወሳል።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጋሮ ውስጥ የአንድ ቡና ነጋዴን ቤት ለማንሣት ፈቃድ አግኝቼ፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠውን ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ይዤ ገባሁ። ጀርባዬን ከግድግዳው ባስጠጋም ደረጃው ከወገቡ ተቆረጠ፤ ጣሪያውም ከነጭራሹ አልገባም። የተሻለ መሣሪያ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ በቦታው ላይ የብሎኬት ክምር ነበር።

ስሌቱን አስቀድሜ ብሠራው ኖሮ አልሳሳትም ነበር። የካሜራው የምስል መቀበያ ወርድ ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ተካፍሎ፣ ከቆሙበት ርቀት ጋር ሲባዛ የሚታየውን ስፋት ይሰጣል። የብዙዎቻችን ካሜራ መቀበያ ወርድ 22.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ከ4 ሜትር ርቀት ላይ የ18 ሚሊ ሜትር ሌንስ 4.96 ሜትር ሲያሳይ፣ የ10 ሚሊ ሜትር ሌንስ 8.92 ሜትር ያሳያል። በአሮጌ ቤት ውስጥ ከ4 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ማፈግፈግ የሚቻለውም ከስንት አንዴ ነው።

ሰፊ ማዕዘን ሌንስና የሕንፃ ምዝገባ ከጥንት ጀምሮ የተቆራኙ ናቸው። አልብረኽት ማይደንባወር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የሕንፃ ባለሙያ በ1858 እ.ኤ.አ. የቬትስላርን ካቴድራል በገመድና በሜትር ሲለካ ከከፍታ ሊወድቅ ጥቂት ቀረው። ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ከፎቶግራፍ ቢወሰድስ የሚል አሳብ አደረበት። በ1867 እ.ኤ.አ. በፍራይቡርግ ከተማ ላደረገው ሙከራ የተጠቀመው ኤሚል ቡሽ የሠራውን፣ 105 ዲግሪ የሚያይ ፓንቶስኮፕ የተባለ ሌንስ ነበር። ምክንያቱም የእኛው ዓይነት ነው፤ ጠባብ መንገድና ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉበት ቦታ የለም። ሥራው አድጎ በ1885 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሕንፃዎችን በፎቶግራፍ የሚለካ የፕሩሲያ መንግሥት ተቋም ተመሠረተ።

ይህ ተቋም ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ጉዞ አባል የነበረው የሕንፃ ባለሙያ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ በኋላ የዚሁ ተቋም ኃላፊ ሆኗል። ጉዞው ያስገኘው ጥናት በ1913 እ.ኤ.አ. በአራት ጥራዝ ሲታተም፣ ፎን ሉፕከ ያዘጋጀው ሦስተኛው ጥራዝ የሰሜኑን አብያተ ክርስቲያናት ብቻ ሳይሆን የሰው መኖሪያ ቤቶችንም ያካተተ ነው። ተራ ቤት የምሁር ጥናት የሚገባው ሆኖ መታየቱን እወድለታለሁ። ጉዞው ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ አልዘለቀም። በዚያን ጊዜ ጅማን ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው፤ የሒርማታ ገበያም የሞቀ ነበር። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የእንጨት ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ለጎብኚ ይታያል፤ የነጋዴዎቹን ቤት ግን እንዲህ ያለ ክብር አልጠበቀውም።

ወደ ሌንሱ እንመለስ። በ1900 እ.ኤ.አ. የጎርዝ ፋብሪካ ያወጣው፣ ኤሚል ፎን ሆኽ የነደፈው ሃይፐርጎን 135 ዲግሪ ያይ ነበር። ብርሃን የሚያስገባው በኤፍ 22 ጠባብ ቀዳዳ ስለ ነበረና የምስሉም ዳር እጅግ ስለሚጨልም፣ መሐሉን ለጊዜው የሚከልል በአየር ግፊት የሚሽከረከር የኮከብ ቅርጽ ያለው ክንፍ ከፊቱ ተደረገለት። ሳቅ የሚያጭር መላ ቢመስልም ይሠራ ነበር። መስተዋት ያለው ካሜራ ሲስፋፋ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ሌንሱ ለመስተዋቱ ቦታ ለመልቀቅ ከፊልሙ መራቅ ነበረበት። ፈረንሳዊው ፒየር አንዤኒዩ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለዚህ መፍትሔ ሰጠ። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የፎክትላንደር ዙማር ለፎቶግራፍ ካሜራ የመጀመሪያው ዙም ሌንስ ሲሆን፣ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚደርስ ለጠባብ ክፍል አይበጅም ነበር።

የዲጂታል ካሜራ መምጣት ብዙዎቻችንን አሳስቷል። መቀበያው ከፊልሙ ስለሚያንስ፣ በፊልም ዘመን ሰፊ ይባል የነበረው የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ የ45 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠብባል። አሮጌ ሌንስ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የገዛ ባልደረባ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ያዝናል። ለአነስተኛው መቀበያ ተብለው የተሠሩ ሰፊ ዙሞች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመጡ ዋጋቸው አይቀመስም ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ካኖን ከ10 እስከ 18 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን በ300 ዶላር ገደማ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ኒኮን ከ10 እስከ 20 የሚደርሰውን በተቀራራቢ ዋጋ አወጡ። የኒኮኑ ሌንስ በአንዳንድ አሮጌ የኒኮን ካሜራዎች ላይ ማተኮር ስለማይችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

እነዚህ ርካሽ ሌንሶች የሚነቀፉት ቀዳዳቸው ከኤፍ 4.5 ስለማይሰፋ ነው። የቶኪና ከ11 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 2.8 ወደ 2.6 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ቡና ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ የለቃሚ ሴቶችን ፈጣን እጅ ለሚያነሣ ሰው ይህ ልዩነት ገንዘብ ያስከፍላል፤ መክፈሉም ተገቢ ነው። ምሰሶ ግን አይንቀሳቀስም። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሮ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 አጥብቦ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ማቆየት ስለሚቻል፣ ለቤት ምዝገባ ርካሹን ሌንስ መርጦ የተረፈውን ገንዘብ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ማዋል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሃይፐርጎንም በኤፍ 22 ሠርቷል።

ካሜራው በውሃ ልክ ካልተስተካከለ ምሰሶዎቹ ወደ ላይ ሲሄዱ የሚገናኙ ይመስላሉ። በ10 ሚሊ ሜትር ሲነሣ በምስሉ ዳር የተቀመጠ ድቡልቡል ጀበና ወደ ጎን 1.5 እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ሰውንም ዕቃንም ከዳር ማራቅ ይበጃል። በግድግዳው ላይ የታወቀ ርዝመት ያለው በትር ቢደገፍ ደግሞ የኋላ ሰው ልኩን ያገኛል።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ብርሃን በአንድ ወገን አብርቶ በሌላው ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካየ ይተወው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚዘንብባት ጅማ ሻጋታው ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። አዲስ የገዛውም ቢሆን በክረምት ሌንሱን በቆዳ ቦርሳ አፍኖ አያቆየው፤ እርጥበት ከሚመጥ ደረቅ ነገር ጋር በሚገጠም ዕቃ ውስጥ ያስቀምጠው።